ሞተሩ ከአንዱ፣ አካሉ ከሌላው፦ የበረዶ ላይ ሞተር ሳይክል አምራቾች ሽርክና ምን ያስተምረናል?

አንድ ሰው አዲስ የገዛውን ማሽን ክዳን ከፍቶ ሞተሩን ሲመለከት በሞተሩ ላይ የተጻፈው ስም በውጭው አካል ላይ ካነበበው ስም የተለየ ሆኖ ቢያገኘው ምን ይሰማዋል? ተታለልሁ ብሎ ያዝናልን? ወይስ የሁለት ባለሙያዎች እጅ በአንድ ዕቃ ላይ አርፏል ብሎ ይደሰታል? አበው በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት የሚጋጩ ምሳሌያዊ አነጋገሮችን ትተውልናል። አንደኛው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲል ትብብርን ያወድሳል። ሁለተኛው ደግሞ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ሲል በሌላው ሀብት ከመድመቅ ያስጠነቅቀናል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን አባባሎች በአንድ የኢንዱስትሪ ታሪክ ላይ ለመፈተን እንሞክራለን። ታሪኩ የበረዶ ላይ ሞተር ሳይክል (ስኖውሞቢል) አምራቾች ሞተርንና የማምረቻ ሥራን እየተጋሩ የኖሩበት ታሪክ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

ማሽኑ ምንድን ነው?

በሀገራችን እንዲህ ያለ ማሽን የሚያስፈልግበት ሁኔታ ስለሌለ አስቀድመን አሠራሩን ባጭሩ ማብራራት ተገቢ ነው። ማሽኑ ከፊቱ በመሪ የሚዘወሩ ሁለት ሸርተቴዎች፣ ከኋላው ደግሞ እንደ ታንክ ሰንሰለት የሚሽከረከር ሰፊ የጎማ ቀበቶ አለው። በፊዚክስ እንደተማርነው ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ነው። የማሽኑና የነጂው ክብደት በሰፊው ቀበቶ ላይ ስለሚከፋፈል ግፊቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህም ሰው እስከ ወገቡ በሚሰምጥበት በረዶ ላይ ማሽኑ ሳይሰምጥ ይጓዛል።

የኃይል ማስተላለፊያውም የሚደነቅ ነው። ነጂው ማርሽ አይቀይርም። ኃይሉ የሚተላለፈው በሁለት መዘውሮች መካከል በተጠለፈ ቺንጋ ነው። ሞተሩ ፍጥነቱን ሲጨምር በፊተኛው መዘውር ውስጥ ያሉት ትናንሽ ክብደቶች ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ በዚህም የመዘውሩ ሁለት ገጾች ይጠጋጋሉ፣ ቺንጋውም ወደ መዘውሩ ጠርዝ ይወጣል። በኋለኛው መዘውር ላይ የዚህ ተቃራኒ ይሆናል። በዚህ ዓይነት የፍጥነቱ ምጣኔ ያለ ማቋረጥ ይለዋወጣል። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንፈልጋለን፤ ሞተርና አካል እንደ ልብ ሊለዋወጡ የማይችሉት በከፊል በዚሁ ምክንያት ነውና።

ማሽኑ የተፈጠረው ለመዝናኛ ብቻ አልነበረም። በካናዳ የኩቤክ ክፍለ ሀገር ቫልኩር በምትባል ትንሽ ከተማ ይኖር የነበረው መካኒክ ጆሴፍ-አርማንድ ቦምባርዲየር በ1934 ሕፃን ልጁን በሕመም አጥቷል። መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ስለነበር ልጁን ወደ ሆስፒታል ለማድረስ አልተቻለም ነበር። ቦምባርዲየር በበረዶ ላይ የሚጓዝ ተሽከርካሪ ለመሥራት ቀድሞውንም ይጥር ነበር፤ በ1937 ባለ ቀበቶ ተሽከርካሪውን ለሽያጭ አቀረበ፣ በ1959 ደግሞ «ስኪ-ዱ» የተባለውን ቀላል ማሽን ለገበያ አወጣ። ከዚያ ወዲህ በሰሜን ንፍቀ ክበብ ዳርቻ ላሉ ሕዝቦች፣ ለምሳሌ በሰሜን አውሮፓ አጋዘን ለሚጠብቁት ለሳሚዎች፣ ማሽኑ በእኛ ሀገር በቅሎና አህያ የሚሰጡትን አገልግሎት የሚሰጥ መሣሪያ ሆኗል። እንግዲህ አንድ አምራች ሲዘጋ የሚጎዳው ለጨዋታ የሚጋልበው ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

መጋራት የቆየ ልማድ ነው

በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በዚያ ብርዳማ ምድር፣ ሁለት ትናንሽ ከተሞች የዚህ ኢንዱስትሪ መነሻ ናቸው። ኤድጋር ሄቲን ከባልደረቦቹ ጋር በሮዞ ከተማ ፖላሪስን በ1950ዎቹ መሠረተ። በ1960 ግን ከድርጅቱ ወጥቶ በቲፍ ሪቨር ፎልስ ከተማ በኋላ አርክቲክ ካት የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። የሁለቱ ተቀናቃኞች ሥር አንድ ሰው መሆኑ ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከመቶ በላይ አምራቾች ነበሩ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ሞተር የመሥራት አቅም አልነበራቸውም፤ ሞተርን ከጃፓን ወይም ከአውሮፓ እየገዙ ብረትና ሸርተቴ ይገጥሙ ነበር። ብዙዎቹ የነዳጅ ቀውስና በረዶ ያነሰባቸው ዓመታት በመጡ ጊዜ ጠፉ። የቀሩት ግን ሞተርን በተመለከተ ሦስት የተለያዩ መንገዶችን ተከትለዋል።

ቦምባርዲየር የመረጠው መንገድ የሞተር ሠሪውን መግዛት ነበር። ኩባንያው በ1970 የኦስትሪያውን ሮታክስ ከእናት ድርጅቱ ጋር የራሱ አደረገ። ሮታክስ በኋላ ለቀላል አውሮፕላኖች ሞተር በመሥራት ጭምር ስሙ የታወቀ ሆኗል። ለበረዶ የተሠራው ዕውቀት ለሰማይም ተረፈ ማለት ይቻላል።

ፖላሪስ የመረጠው መንገድ እየገዙ መማር ነበር። ለብዙ ዓመታት ሞተር የሚያቀርብለት የጃፓኑ ፉጂ ሄቪ ኢንዱስትሪስ፣ ማለትም የሱባሩ መኪና አምራች፣ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ፖላሪስ ከዚሁ ድርጅት ጋር በዊስኮንሲን ግዛት የጋራ የሞተር ፋብሪካ ከማቋቋሙም በላይ የራሱን ሞተር መሥራት ጀመረ።

አርክቲክ ካት ደግሞ ከሱዙኪ ጋር ለአሥርተ ዓመታት የቆየ ሽርክና ነበረው። በ1981 ድርጅቱ ሲከስርና ከሁለት ዓመት በኋላ በአዲስ ስም ሲያንሰራራ እንኳ የሱዙኪ ሞተር አልተለየውም። ሱዙኪ የአክሲዮን ድርሻም ነበረው፤ አርክቲክ ካት ይህን ድርሻ በ2011 መልሶ ገዛ። ከዚያም በሚኒሶታ ሴንት ክላውድ በሚገኘው ፋብሪካው የራሱን ባለ 600 ሲ.ሲ. ሞተር ለ2014 ሞዴል አቀረበ።

ስለ ምን ይጋራሉ?

የመጀመሪያው ምክንያት ሒሳብ ነው። አንድን አዲስ ሞተር ለመንደፍ፣ ለመፈተሽና የማምረቻ ቅርጾቹን ለማዘጋጀት የሚወጣው ገንዘብ የሚሠራው ሞተር ቁጥር ቢያንስም ቢበዛም ብዙ አይለወጥም። ለምሳሌ ያህል ብቻ ይህ ወጪ 50 ሚሊዮን ዶላር ነው እንበል። አንድ ድርጅት በዓመት 10,000 ሞተር ለአምስት ዓመት ቢያመርት ለእያንዳንዱ ሞተር የሚደርሰው የንድፍ ወጪ 1,000 ዶላር ይሆናል። ሁለት ድርጅቶች ተጋርተው በዓመት 25,000 ቢያመርቱ ግን ወጪው ወደ 400 ዶላር ይወርዳል። በ1971 በሰሜን አሜሪካ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ማሽን ተሽጦ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ገበያው ወደዚያ ቁጥር ተመልሶ አያውቅም። ገበያ ሲጠብ ብቻውን የሚሸከም ይደክማል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጭስ ነው። የቀድሞዎቹ ማሽኖች ባለ ሁለት ምት ሞተር ይጠቀሙ ነበር። በዚህ ዓይነቱ ሞተር የተቃጠለው ጋዝ ሲወጣና አዲሱ የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ሲገባ በሮቹ ለጥቂት ጊዜ አብረው ክፍት ይሆናሉ። ስለዚህ ከሚገባው ነዳጅ ቀላል የማይባል ክፍል ሳይቃጠል ከጭሱ ጋር ያመልጣል። በየሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ በነበረው ብክለትና ጫጫታ ሳቢያ ለብዙ ዓመታት የዘለቀ ክርክርና የፍርድ ቤት ሙግት ተካሂዷል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም በ2002 ለእነዚህ ማሽኖች የጭስ ደንብ አወጣ። አምራቾች ነዳጅን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጭ የባለ ሁለት ምት ሞተር ወይም ባለ አራት ምት ሞተር ማዘጋጀት ግድ ሆነባቸው። ይህ ደግሞ ትልቅ ዕውቀትና ትልቅ ገንዘብ ይጠይቃል።

በባለ አራት ምት ሞተር ዕውቀት ከሁሉም የላቀው ያማሃ ነበር። ያማሃ የመጀመሪያውን የበረዶ ማሽን ያቀረበው በ1968 ነው። ለ2003 ሞዴል ያወጣው ማሽን ደግሞ ከእሽቅድምድም ሞተር ሳይክሉ የተወሰደ ባለ አራት ሲሊንደር፣ ባለ አራት ምት ሞተር ነበረው። ሞተሩ በደቂቃ ከ10,000 ጊዜ በላይ የሚሽከረከር ሲሆን ከላይ የገለጽነው የቺንጋ መዘውር ይህን ፍጥነት አይችልም። ስለሆነም መሐንዲሶቹ በመካከል ፍጥነት የሚቀንስ ጥርስ መጨመር ነበረባቸው። አንድን ሞተር ከአንድ አካል ወደ ሌላ ማዛወር እንደ አካል ንቅለ ተከላ ነው፤ ተቀባዩ አካል እንዲቀበለው መዘጋጀት አለበት የምንለውም ከዚህ ተነሥተን ነው።

የ2013ቱ ስምምነት

በ2013 መጀመሪያ አርክቲክ ካትና ያማሃ ስምምነታቸውን ለሕዝብ ገለጡ። ያማሃ ባለ 1049 ሲ.ሲ.፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር፣ ባለ አራት ምት ሞተሩን ለአርክቲክ ካት ያቀርባል። አርክቲክ ካት በበኩሉ የራሱን ሻንሲ መሠረት ያደረጉ ማሽኖችን በቲፍ ሪቨር ፎልስ ፋብሪካው በያማሃ ስም ያመርታል። እያንዳንዱ የሚችለውን ሰጠ፤ የጎደለውን ተቀበለ። የያማሃ ሞተር ጠንካራና ንጹሕ ቢሆንም ከባድ ነው፤ ክብደት ደግሞ በጥልቅ በረዶ ውስጥ ጠላት ነው። አርክቲክ ካት ቀላልና ለነጂው የሚመች አካል ነበረው፤ ትልቅ ባለ አራት ምት ሞተር ግን ይጎድለው ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ለ2017 ሞዴል፣ ሽርክናው ከፍተኛ ፍሬውን አፈራ። ባለ 998 ሲ.ሲ. ቱርቦ ሞተር በሁለቱም ድርጅቶች ማሽኖች ላይ ተገጠመ። በዘመኑ ከፋብሪካ ከሚወጡት የበረዶ ማሽኖች ሁሉ እጅግ ኃይለኛ ከሚባሉት አንዱ ነበር። ወደ ኋላ ላይ ደግሞ የስጦታው አቅጣጫ ተገላበጠ፤ በባለ አራት ምት ሞተር የሚኮራው ያማሃ ለተራራ ላይ ማሽኑ ባለ ሁለት ምት ሞተርን ከአርክቲክ ካት ተቀበለ።

በዚህ ሽርክና ላይ ከነጂዎች የተሰነዘረው ዋነኛ ቅሬታ «ልዩነቱ የቀለም ብቻ ሆነ» የሚል ነው። ቅሬታው እውነትነት የለውም አንልም። የሁለት ድርጅቶች ማሽኖች አንድ አካልና አንድ ሞተር ሲኖራቸው የገዢው ምርጫ ይጠባል፤ አዲስ ሐሳብ የሚፈልቅበት ምንጭም ከሁለት ወደ አንድ ይቀንሳል። ይሁንና ተቃዋሚዎቹ አንድ ነገር የዘነጉ ይመስለናል። ከፊታችን የነበረው ምርጫ በሁለት የተለያዩ ማሽኖችና በአንድ የጋራ ማሽን መካከል አልነበረም። ምርጫው በአንድ የጋራ ማሽንና በፍጹም አለመኖር መካከል ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ መጋራቱን እንደ ሽንፈት አንቆጥረውም፤ ትክክለኛ የምሕንድስናና የኢኮኖሚ ውሳኔ ነበር እንላለን።

የመለያየት ቀን ሲመጣ

ሽርክና የሚመዘነው ግን በሠርጉ ቀን ሳይሆን በመለያየቱ ቀን ነው። በ2023 ሰኔ ወር ያማሃ ከበረዶ ማሽን ሥራ ደረጃ በደረጃ እንደሚወጣ አስታወቀ። በጃፓን ሽያጩን ከ2022 ሞዴል በኋላ ማቆሙን፣ በአውሮፓ በ2024፣ በሰሜን አሜሪካ ደግሞ በ2025 ሞዴል እንደሚያበቃ ገለጠ። ምክንያቱንም በዚህ ገበያ ዘላቂ ሥራ ማካሄድ አስቸጋሪ በመሆኑ ነው ሲል አቀረበ። የ55 ዓመት ታሪክ በአንድ መግለጫ ተዘጋ።

ሽርክናው ለመውጣቱ ምክንያት ሆነ ብለን ለመናገር ማስረጃ የለንም። ነገር ግን እንደ እኛ አስተያየት መውጣቱን ቀላል አድርጎታል። አብዛኞቹን አዳዲስ ማሽኖቹን ሌላው የሚሠራለት ድርጅት ሲወጣ የሚዘጋው ትልቅ ፋብሪካ፣ የሚበትነው ብዙ ሠራተኛ የለውም። በሌላው ቤት የሚኖር እንግዳ ለመሄድ ሲነሣ ካባውን ብቻ ነው የሚያነሣው።

አርክቲክ ካትስ? በዚያ ሁሉ ዘመን በሴንት ክላውድ የራሱን ባለ ሁለት ምት ሞተር መሥራቱን አላቋረጠም ነበር። ስለዚህ ያማሃ መሰናበቱን በተናገረበት ወቅት አርክቲክ ካት አዲስ ቀላል ሻንሲና ባለ 858 ሲ.ሲ. የራሱ ሞተር ለ2024 ሞዴል ለማቅረብ ችሏል። ከሌላው እየተቀበለ የራሱን ሙያ ያልጣለ ድርጅት በጨለማ አልተተወም።

ሆኖም ዕውቀት ብቻውን በቂ አልሆነም። ቴክስትሮን የተባለው ትልቅ ኩባንያ አርክቲክ ካትን በ2017 ገዝቶት ነበር። በ2024 መጨረሻ ቴክስትሮን በሁለቱ የሚኒሶታ ፋብሪካዎች ምርት ለጊዜው እንደሚቆም ገለጠ። ዘጠኝ ሺህ ያህል ሕዝብ ላላት ለቲፍ ሪቨር ፎልስ ይህ ምን ያህል ከባድ ዜና እንደሆነ መገመት አያዳግትም። በእንዲህ ያለ ከተማ ፋብሪካው ሲያስነጥስ ዳቦ ቤቱም፣ ትምህርት ቤቱም ይታመማል። በ2025 ሚያዝያ ወር በአንድ የቀድሞ የአርክቲክ ካት ኃላፊ የሚመራ ቡድን ድርጅቱን ገዝቶ ሥራውን ለማስቀጠል ተነሣ።

ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ማንም አምራች ሊጋራው ወይም ሊገዛው የማይችለው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም በረዶው ራሱ ነው። የ2023-24 የብርድ ወራት በሚኒሶታ ከተመዘገቡት ሁሉ እጅግ ሞቃታማው ነበር። በረዶ ከሌለ ማሽኑ አይነሣም፤ ማሽኑ ካልተነሣ በመደብር የተደረደረው አይሸጥም። በነዳጅ የሚሠራው ማሽን ከሌሎች ሞተሮች ሁሉ ጋር ሆኖ ከባቢ አየሩን በማሞቅ የራሱን መንገድ እያቀለጠ መሆኑ የሚያሳዝን ምፀት ነው። የሞተር ሽርክና የንድፍ ወጪን ይከፋፍላል እንጂ ያልጣለውን በረዶ አያዘንብም።

ሦስት መመዘኛዎች

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ተነሥተን ማንኛውንም የቴክኖሎጂ ሽርክና ለመመዘን ሦስት ጥያቄዎችን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ተሸራካሪዎቹ የሚጋሩት ምርትን ነው ወይስ ዕውቀትንም? ፖላሪስ ከፉጂ ሞተር ብቻ ሳይሆን ሞተር የመሥራት ልምድም አግኝቷል። ዕቃ ያልቃል፤ ልምድ ግን ይዋለዳል።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ወገን ለብቻው ሊሠራው የሚችለው አንድ ዋና ሙያ በእጁ ቀርቷልን? ሁለቱም የሚያዋጡት ነገር ካላቸው ሽርክናው እኩልነት አለው። አንዱ ስሙን ብቻ የሚያዋጣ ከሆነ ግን ሽርክናው ቀስ በቀስ ኪራይ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ሌላው ወገን ነገ ቢሄድ ምን ይሆናል? የመለዋወጫ ዕቃ፣ የጥገና ሙያና የንድፍ ሰነድ በማን እጅ ይቀራል? ይህ ጥያቄ ስምምነቱ ሲፈረም ካልተጠየቀ በኋላ የሚጠየቀው በሐዘን ነው።

እነዚህ ጥያቄዎች ለሚኒሶታ ብቻ የተተዉ አይደሉም። በሀገራችንም ሞተሩንና ዋና ዋና ክፍሎቹን ከውጭ አስመጥተው ተሽከርካሪ የሚገጣጥሙ ፋብሪካዎች አሉ። መገጣጠምን የሚንቁ ሰዎች ያጋጥሙናል፤ እኛ ግን አንንቅም። ዛሬ ስመ ጥር ከሆኑት አምራቾች ብዙዎቹ የሌላውን ሞተር በመግጠም እንደጀመሩ ከላይ አይተናል። ልዩነቱ ያለው ቡሎን በማጥበቅና ያ ቡሎን በዚያ ልክ የሚጠብቀው ስለ ምን እንደሆነ በመጠየቅ መካከል ነው። ነገ ወደ እነዚህ ፋብሪካዎች የሚገቡት የዛሬዎቹ የምሕንድስናና የሳይንስ ተማሪዎች ሁለተኛውን መንገድ ቢመርጡ፣ ከሌላው የመጣው ሞተር የሥራ ዕቃ ብቻ ሳይሆን መማሪያ መጽሐፍም ይሆንላቸዋል።

በመግቢያችን የጠቀስናቸው ሁለቱ አባባሎች እንግዲህ የሚጋጩ አይደሉም። ድር ያብር፤ አንበሳም ይሰር። ነገር ግን እያንዳንዱ ድር የራሱን ክር መፍተል የሚያውቅ ይሁን። የሰው ወርቅ የማያደምቀው ወርቁ የሰው ስለሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ባለቤቱ በመለሰው ቀን ባዶ እጅን ስለሚያስቀር ነው። አንጥረኛ መሆንን ከወርቁ ጋር የተማረ ግን ባለቤቱ ወርቁን ቢወስድበትም እጁ ባዶ አይሆንም እንላለን።